ዳኑብን ማዶ ለማዶ

«ከኋላዬ ሰው ካለ መቆም አልችልም።»

ባለቤቴ ይህን ያለኝ ኦስትሪያ ውስጥ፣ ዳኑብ ዳር ተቀምጦ በሶ እየበጠበጠ ነው። እንደ ዋዛ ነው ጣል ያደረገው። እኔን ግን ይኸው ከዚያ ወዲህ ሲከነክነኝ ከረመ። ዕቃ ሳጥብ ትዝ ይለኛል። ባቡር ስጠብቅ ትዝ ይለኛል። ዛሬ የተቀመጥኩት ጽፌው ይውጣልኝ ብዬ ነው።

የምንኖረው ጀርመን፣ ኑርንበርግ ነው። ባለፈው ነሐሴ ሳይክሎቻችንን ባቡር ላይ ጭነን ፓሳው ሄድን። ከዚያ ድንኳንና ስንቅ ሸክፈን፣ ዳኑብን ተከትለን፣ ኦስትሪያን አቋርጠን የስሎቫኪያ ዋና ከተማ ብራቲስላቫ ገባን። መንገዱ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከፈረንሳይ የአትላንቲክ ዳርቻ ተነስቶ ጥቁር ባሕር ድረስ የሚዘልቀው የዩሮቬሎ 6 የሳይክል መስመር አንዱ ክፍል ነው። እዚህ አገር ይህን የጀማሪ መንገድ ይሉታል። ሕፃን በተጎታች እየጎተቱ የሚሄዱ ወላጆች አሉ። ፀጉራቸው የሸበተ ጡረተኞችም እየቀደሙን አልፈዋል።

ለሐበሻ ግን ወሬው እንግዳ ነው። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሻይ ላይ ስናወራ የመጀመሪያው ጥያቄ «መኪናችሁ ምን ሆነ?» የሚል ነበር። አንዷ ወዳጄ «የምታድሩትስ የት ነው?» አለችኝ። ድንኳን ውስጥ ስላት ዝም ብላ አየችኝ። እማዬ ደግሞ ባሕር ዳር ሆና በስልክ ስትሰማ ሳቀች። «አባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» ብላ ተረተችብኝ። ሻንጣዎቻችንን ብታይ ግንዱ ይሻል ነበር ትለኛለች።

ሳይክል መንዳት የተማርኩት እሷው ዘንድ፣ ባሕር ዳር ነው። ከተማው ሜዳ ስለሆነ ተማሪውም ሠራተኛውም ይነዳል። ባለቤቴ የጎንደር ልጅ ነው። ዳገት ያሳደገው ሰው ሳይክል ላይ ሲወጣ መልኩ ሌላ ነው። ጥርሱን ነክሶ ነው የሚነዳው።

ስንቅ

እዚህ የጉዞ ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ለካምፒንግ የሚሆን የደረቀ ምግብ በፓኬት ይሸጣሉ። ውኃ አፍልተህ ትጨምርበታለህ፣ ያብጣል፣ ትበላለህ። ዋጋው ያስደነግጣል። ጣዕሙን ባላነሳው ይሻላል። እኔ መደርደሪያው ፊት ቆሜ ሳነብ አንድ ነገር ገረመኝ። ቀላል፣ ደረቅ፣ የማይበላሽ፣ ኃይል የሚሰጥ ይላል። ይሄ እኮ ከእኛ ጓዳ መቼም ጠፍቶ አያውቅም!

ስለዚህ በሶ፣ ሽሮ፣ ድርቆሽና ዳቦ ቆሎ ያዝን። በሶው ከውኃና ከስኳር ጋር በሳይክል ኮዳ ውስጥ ይመታል፣ እየነዱ ይጠጣል። ዳቦ ቆሎው መሪው ላይ በምትታሰረው ትንሽ ቦርሳ ይገባል። እንጀራ በሁለት ቀን ይሻግታል፣ ድርቆሽ ግን የትም አይሄድም። አንድ ማስጠንቀቂያ ልስጥ። ሽሮ በስስ የካምፒንግ ድስት ቶሎ ያርራል። እሳቱን ዝቅ አድርጎ፣ ማንኪያውን ከእጅ ሳያወጡ ማማሰል ነው።

ጊዜው ፍልሰታ ስለነበር ስንቁ በደንብ ጠቀመን። የወንዙ ዳር ምግብ ቤቶች ከሥጋና ከአይብ ሌላ ብዙ አያቀርቡም። የእነሱም የማርያም ዕርገት በዓል በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 9 ቀን ይውላል። ኦስትሪያ ውስጥ የሕዝብ በዓል ነው፣ ሱቁ ሁሉ ይዘጋል። ሌሎቹ ተጓዦች ዳቦ ፍለጋ ሲንከራተቱ እኛ ሽሯችንን አንተከተክን። ጎረቤት ድንኳን የነበሩ ባልና ሚስት በሽሮው ሽታ ተስበው መጡና አብረውን በሉ።

ቁልቁል ነው ተብሎ

ይህን መንገድ ሰው የሚነዳው ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ነው። ወንዙም ነፋሱም ወደዚያ ይሄዳሉ። «ቁልቁል ነው» ይሉሃል። ከፓሳው እስከ ቪየና ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ወንዙ በዚህ ሁሉ መንገድ የሚወርደው 130 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። እንዲህ ያለውን ቁልቁለት እግር አያውቀውም። ነፋሱም ቢሆን ቃሉን ሁልጊዜ አይጠብቅም።

ፓሳው ሦስት ወንዞች የሚገናኙባት ከተማ ናት። ኢንና ኢልትስ እዚያ ዳኑብ ውስጥ ይገባሉ። የማዘጋጃ ቤቱ ግድግዳ ላይ የጎርፉ ከፍታ በየዓመተ ምሕረቱ ተጽፏል። የ2013 በአውሮፓ አቆጣጠር ጎርፍ ምልክት ከራሴ በላይ የት እና የት ነው። ከከተማው ወጣ እንዳልን ጀርመን ያልቃል፣ ኦስትሪያ ይጀምራል። ጠያቂ የለም፣ ኬላ የለም። ባለቤቴ ግን ፔዳሉን ሳያቆም በአንድ እጁ የደረት ኪሱን ዳበሰ። የመኖሪያ ፈቃዱ እዚያ ነው ያለው።

ከዚያ በኋላ የጉዟችን ሥርዓት ወዲያው ታወቀ። እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ርቆ አይሄድም። በየደቂቃው ዞር እያለ ያየኛል። እኔ ልቁም ካልኩ ግን ደወሉን ያንቃጭላል። «እንሂድ፣ ይመሻል!» ፀሐይዋ ገና አናታችን ላይ ናት። ሽሎገን ላይ ዳኑብ ተራራ ገጥሞት ወደ ኋላ ይጠማዘዛል፣ ሰው ያንን ለማየት ከሩቅ ይመጣል። እኛ በደወል አለፍነው። ማውትሃውዘንንም፣ የናዚዎቹ የማጎሪያ ካምፕ የነበረበትን ኮረብታ፣ ከታች ሆነን ብቻ አየነው። እሱ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል።

የሚያዘገየው ነገር ቢኖር ግድብ ነው። ዳኑብ ላይ ኦስትሪያ ውስጥ ብቻ አሥር ያህል የኃይል ማመንጫዎች አሉ። በአንዳንዶቹ አናት ላይ በሳይክል መሻገር ይቻላል። ባለቤቴ ግድብ ባየ ቁጥር ከሕዳሴው ጋር ያወዳድራል። ርዝመቱን፣ ከፍታውን፣ ተርባይኑን እየጮኸ ይተነትንልኛል። ያውም ሳይቆም።

ማታ ማታ ካምፕ ቦታ እንገባለን። እዚህ አገር ባገኙት ሜዳ ላይ ድንኳን መትከል በአብዛኛው ክልክል ነው። ወንዙን ተከትሎ ግን ከፍለው የሚያድሩባቸው ቦታዎች አሉ። ሣሩ የታጨደ፣ ሻወሩ ሙቅ ነው። ልጆች ኳስ ይጫወታሉ። እኔ ደስ ይለኛል። እሱ ሁልጊዜ የሚተኛው በዚፑ በኩል ነው። ጫማውን ከራስጌው አያርቅም። ቅርንጫፍ ቢሰበር ይነቃል። ድንኳኑ የእኔ ሐሳብ ነበር። እሱ «እሺ» ብሎ ነው የመጣው። እሺታው ለእኔ ሲል የተባለ እንደነበር ያኔም አላጣሁትም።

ሜልክ ላይ ተለያየን

ሜልክ ትልቅ ገዳም አለ። ከወንዙ በላይ ቋጥኝ ላይ የተቀመጠ፣ ቢጫ ግድግዳ ያለው፣ ከ1702 እስከ 1736 በአውሮፓ አቆጣጠር የተሠራ ነው። ገባሁ። እሱ ውጭ ሳይክል እየጠበቀ ቀረ። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ቆሜ ሳለ ስልኬ ነዘረ። «ጨረስሽ?» ይላል። ስወጣ ቁርጡን ነገርኩት።

«አንተ በዚህ ሂድ። እኔ በዚያ ማዶ እሄዳለሁ። ሽፒትስ ጀልባው ጋ እንገናኝ።»

አልተኮሳተርኩም። ትንሽ ግን ደክሞኝ ነበር። እሱም አልተከራከረም።

ከሜልክ ጀምሮ ክሬምስ ድረስ ያለው ሸለቆ ቫኻው ይባላል። ወይን፣ አፕሪኮት፣ የፈረሱ ግንቦች። በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው በ2000 በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። ለእኔ ጉዳይ ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው። ከሜልክ ወዲያ ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ወንዙ ላይ አንድም ድልድይ የለም። የሳይክል መንገዱ በሁለቱም ዳር አለ። አንዴ ከተለያያችሁ ግን የምትገናኙት በጀልባ ነው።

ድልድዩን ተሻግሬ በግራ ዳር ያዝኩ። እሱ በቀኝ ቀረ። መጀመሪያ ዛፍ ጋረደው። ከዚያ ሾንቡል ከምትባለው ግንብ ሥር ብርቱካናማ ሻንጣዎቹ ብቅ አሉ። እዚህ ወንዙ ሰፊ ነው፣ ብትጠራው አይሰማህም። ከሩቅ አንድ ትንሽ ሰው ሳይክል ሲነዳ ይታየኛል።

ቆመ።

የሆነ ነገር ተበላሽቶበት መስሎኝ ደነገጥኩ። እኔም ቆምኩ። ሳይክሉን ዛፍ ላይ አስደገፈ። ጫማውን አወለቀ። ድንጋይ ላይ ተቀምጦ እግሩን ውኃው ውስጥ ከተተ። ዝም ብሎ ተቀመጠ። አንድ የጭነት መርከብ መጣች፣ እስክታልፍ ድረስ አያት። ከዚያ ተነስቶ ነዳ። ብዙም ሳይሄድ ደግሞ ቆመ። አግሽታይን የሚባለው ፍርስራሽ ግንብ ከበላዩ ተራራው ላይ አለ፣ አንገቱን አቅንቶ ሲያየው ቆየ። እንደገና ነዳ። እንደገና ቆመ። ይሄኛው ላይ ጭራሽ ሣር ላይ ተጋደመና ኮፍያውን ፊቱ ላይ ደፋ። በዚህ ጉዞ ላይ ቀን ጋደም ሲል ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

እኔ ደግሞ በእኔ በኩል ያለውን ሁሉ ረሳሁት። በቪለንዶርፍ አለፍኩ። በ1908 በአውሮፓ አቆጣጠር ከመሬት የወጣችው፣ 30 ሺህ ዓመት ገደማ የሆናት ትንሽዬ የድንጋይ ሴት የተገኘችው እዚያ ነው። የሷን ቦታ ሳላይ የራሴን ባል ማዶ ለማዶ እየሰለልኩ አለፍኩ። መደወል እችል ነበር። ስልኩ ኪሴ ውስጥ ነው። አልደወልኩም። እኔ ሳልኖር ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ አይቼ አላውቅማ። ማን አይቶ ያውቃል? የትዳር ጓደኛህን የምታየው ሁልጊዜ አንተ ባለህበት ነው።

ሽፒትስ ላይ ያለው ጀልባ ሞተር የለውም። ከዳር ዳር በተወጠረ ገመድ ላይ ተንጠልጥሏል። ቀዛፊው የጀልባውን አፍ ወደ ውኃው ፍሰት ሰያፍ ያዞረዋል፣ ወንዙ ራሱ ገፍቶ ያሻግረዋል። ይህ የሚሆነው ዳኑብ ቫኻው ላይ ግድብ ስለሌለበት ነው። ሌላው ቦታ ላይ በየግድቡ እየተኛ ሐይቅ ይመስላል፣ እዚህ ግን ይሮጣል። እኔና ሳይክሌ ያለ ምንም ድምፅ ተሻገርን። አርንስዶርፍ በኩል እሱ ተቀምጦ በሶውን ይበጠብጣል።

«ስትቆም አየሁህ» አልኩት።

«የት?»

«ሁሉም ቦታ።»

ሳቀ። ኮዳውን ሰጠኝ። ጥቂት ቆይቶ ነው ያቺን ነገር ያለኝ። ከኋላዬ ሰው ካለ መቆም አልችልም።

የሚደርስና የሚያደርስ

ታሪኩን አውቀዋለሁ። ከጎንደር መተማ፣ ከመተማ ሱዳን፣ ከሱዳን ሊቢያ፣ ከዚያ ባሕሩ፣ ከዚያ ጣሊያን። ከመጋባታችን በፊት ነግሮኛል። ይህን ቁራጭ ግን አልሰማሁትም ነበር። ከመተማ ማዶ ሌሊት በእግር ሲሄዱ ደላላው ከፊት ነው። እሱ መሀል ነው። ታናሽ ወንድሙ ከኋላው። ልጁ ደክሞታል። ታላቁ ከቆመ ይቆማል። ከቆመ ይቀመጣል። ከተቀመጠ ማንም አይጠብቀውም። ስለዚህ አለመቆም ነው። ዞር እያሉ ማየት፣ አለመቆም። ወንድሙ ዛሬ ጣሊያን ነው ያለው፣ ሁለት ልጆች አሉት፣ ቦርጭም አውጥቷል። የባለቤቴ እግሮች ግን ያንን መንገድ ገና እየሄዱት ነው።

«ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል» ይባላል። ሰርጋችን ላይም ተብሏል። እኔ አሁን እጠራጠራለሁ። እኔ ጀርመን የመጣሁት በተማሪ ቪዛ፣ በአውሮፕላን፣ በርበሬ የሞላ ሻንጣ ይዤ ነው። መንገድ ሲባል እኔ የማስበው መስኮት በኩል የታየ ደመና ነው። ሜዳ ላይ ማደር ለእኔ ጨዋታ የሆነው ተገድጄ ስላላደርኩ ነው። የቤቱ ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ያለ ሰው ድንኳን ይናፍቀዋል። ከዚያው ካምፕ ቦታ ሣር ላይ፣ እዚያው ሙቅ ሻወር አጠገብ፣ እሱ በዚፑ በኩል የሚተኛው ለምን እንደሆነ መጠየቅ እንኳ አያስፈልግም።

አንዲት ጓደኛዬ ይህን ስነግራት «ሐኪም ይየው» አለችኝ። አይ አልልም። ሲመስለኝ ግን ይህ ልማዱ በሽታ ብቻ አይደለም። የመኖሪያ ፈቃድ ሳያልቅ ከወራት በፊት ቀጠሮ የሚይዘው በዚሁ ነው። ከቢሮ የመጣ ደብዳቤ እኛ ቤት ሳይከፈት አያድርም። ጀርመን አገር ወረቀት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ከኋላው ያለሁት እኔ ነኝ፣ እያደረሰኝ ነው።

ነገር ግን እኔ የሚያደርሱኝ ሰው መሆን አልፈልግም። ይሄንንም ልደብቀው አልችልም። በደወል እየተነዳሁ ያለፍኩት ሽሎገን ይቆጨኛል። እንክብካቤ ቢሆንም ያልለመንኩት እንክብካቤ ነው። እዚያው አርንስዶርፍ ላይ ነገርኩት።

«እኔን ማድረስ የለብህም» አልኩት።

«አውቃለሁ። እግሬ ነው የማያውቀው።»

ይህን ብሎ የኮዳውን ክዳን ዘጋ። ከዚያ ወዲያ ስለ ጉዳዩ ብዙ አላወራንም። ሥርዓቱን ግን ቀየርን። ከሚቀጥለው ማለዳ ጀምሮ እኔ ከፊት ሆንኩ።

የሆነውን ልንገራችሁ። ከክሬምስ በኋላ ሸለቆው ይከፈታል፣ መንገዱ ሜዳ ነው። እኔ ደስ እያለኝ ነዳሁ። ባሻኝ ቦታ ቆምኩ። ዞር ስል ባለቤቴ የለም። ቱልን አካባቢ ነው። ጠበቅኩ። አልመጣም። ደወልኩ፣ አያነሳም። መጀመሪያ ተናደድኩ። ከዚያ ጎማው ፈንድቶበት ይሆናል አልኩ። ከዚያ ወንዙን አየሁት። ሳላስበው ሳይክሌን አዙሬ፣ ነፋሱን ፊት ለፊት እየተጋፈጥኩ ወደ ኋላ መንዳት ጀመርኩ። ልቤ ትመታለች።

ከአንድ ዓሣ አጥማጅ ሽማግሌ ጋር ተቀምጦ ያወራል። ጀርመንኛው የባቫሪያ፣ የሽማግሌው የኦስትሪያ፣ ሁለቱም ይሳሳቃሉ።

«የት ነበርክ?» ጮኽኩበት።

ቀና ብሎ አየኝ። «ከፊት መሆን ደስ ይላል አይደል?» አለኝ።

ሽማግሌው ምን እንዳወራን ባይገባውም ሳቀ። እኔ ለመሳቅ ትንሽ ጊዜ ፈጀብኝ።

ከቪየና በኋላ ያለው መንገድ ብዙ የሚወራለት አይደለም። የጎርፍ መከላከያ ክትር ላይ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ግራና ቀኙ ደን ነው፣ ማለቂያ የለው። ብራቲስላቫ ስንቃረብ አንድ ዘመን ምሥራቅና ምዕራብ አውሮፓን የከፈለው፣ የብረት መጋረጃ ይባል የነበረው ድንበር ላይ ደረስን። ሰው የተተኮሰበት ቦታ ነው። አሁን ሳይክል ነጂዎች ያልፉበታል። ባለቤቴ የደረት ኪሱን ዳበሰ። ይቆም ይሆን ብዬ አየሁት። አልቆመም። እኔ ቆሜ ፎቶ አነሳሁና ደረስኩበት።

ዘንድሮ ከኢንስብሩክ ተነስተን የኢንን ወንዝ ይዘን ፓሳው ድረስ ልንወርድ አስበናል። ማን ከፊት እንደሚሆን በየቀኑ እንቀያየራለን ተባብለናል። ማደሪያው ላይ ግን ገና ነን። እሱ በየመንደሩ አልጋ ያላቸው ርካሽ ማረፊያዎች አሉ ይላል፣ ዝርዝራቸውንም አውጥቷል፣ ድንኳኑን እንሽጠው ባይ ነው። እኔ ግማሹን አልጋ፣ ግማሹን ድንኳን እያልኩ እየተደራደርኩ ነው። እስከዚያው ድንኳኑን ምድር ቤት፣ ከክረምት ጎማዎቹ ኋላ አስቀምጬዋለሁ።